ጉርሻው ለደም ሳይሆን ለኑሮ

እኛ የጨዋታ መሪዎች በተጫዋች ፊት የማናወራውን ልንገራችሁ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በተባለው የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ለዓመታት ያጨቃጨቀው የዘር ጉርሻ፣ ማለትም ገጸ ባሕርይ በዘሩ ብቻ የሚያገኘው ተጨማሪ ነጥብ፣ በሒሳብ ሲታይ ትንሽ ነው። ብልህነቱ 15 የሆነ አስማተኛ 2 ሲጨመርለት 17 ይሆናል፤ ዳይስ ሲጥል የሚያተርፈው ግን 1 ብቻ ነው። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ላይ 1 ማለት ከመቶ 5 ነው።

ያቺን 5 ግን ማንም መተው አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2014ቱ መጽሐፍ ኤልፍ ከተባለው ዘር የሆነ ሁሉ በቅልጥፍና 2 ይጨመርለት ነበር። በ2016 የወጣው ተጨማሪ መጽሐፍ ደግሞ ኦርክ ከተባለው ዘር ብልህነት ላይ 2 ቀነሰ። ኦርክ አስማተኛ መሆን ያማረው ተጫዋች ገና ሳይጀምር ተቀጣ ማለት ነው።

በ2020 የወጣው የታሻ መጽሐፍ የተባለ ተጨማሪ የሕግ መጽሐፍ ጉርሻውን ወደፈለጉት ችሎታ ማዛወር ፈቀደ። የ2024ቱ መጽሐፍ ደግሞ ከዘር ነጥሎ ለአስተዳደግ ሰጠው። ትልቅ እርምጃ ነው። ግን እዚህም ሌላ አጥር አለ፦ አስተዳደጉን «ገበሬ» ብሎ የመረጠ ጉርሻውን የሚያገኘው በጥንካሬ፣ በጽናትና በጥበብ ብቻ ነው። ብልህነቱን አይነካውም።

ነቀምቴ፣ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ የጨዋታ ጠረጴዛ ለሚዘረጋ ሰው ይህ አጥር አይዋጥም፤ የአካባቢው ታሪክ ራሱ ይቃረነዋል። ኦነሲሞስ ነሲብ ሁሩሙ አካባቢ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጡ። በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጉመው፣ በ1904 ነቀምቴ ገብተው አስተማሩ። ከባርነት የወጡት አስቴር ጋኖም በ1894 ለታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ዋና ሠራተኛ ነበሩ። እነዚህን ሰዎች የትኛው የአስተዳደግ ዝርዝር ይይዛቸዋል?

ስለዚህ እኔ ዝርዝሩን አስቀድሜ አላወጣም። «ይህ ሰው ከየት መጣ? ምን አሳለፈ? ማን አስተማረው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከመልሱ 3 ችሎታዎች እንመርጣለን። እንደ ኦነሲሞስ ላለ ገጸ ባሕርይ ጽናት ከመንገዱ፣ ብልህነት ከትርጉሙ፣ ሞገስ ከማስተማሩ ይወጣል። ለአንዱ 2 ለሌላው 1፣ ወይም ለሦስቱም አንድ አንድ እንሰጣለን። ድምሩ ያው 3 ስለሆነ ማንም አይበደልም። የ2024ቱ የመሪዎች መጽሐፍም ለመሪው አዲስ አስተዳደግ እንዲያዘጋጅ ይፈቅድለታል።

እናንተም ታሪኩን አስጨርሳችሁ ስሙ፤ ቁጥሩን ከዚያ በኋላ ጻፉ። የገበሬ ልጅ ሊቅ ሆኖ መጀመር ከፈለገ፣ በእናንተ ጠረጴዛ ላይ የሚከለክለው ሕግ አይኑር።