የሐይቅ ዳርቻ የበዓል ዕረፍትና የተሽከርካሪ ማረፊያ፤ በንጋት ሐይቅ ምን ይቅደም?

የገናና የጥምቀት በዓላት የሚውሉበት የበጋ ወቅት የመንግሥት ሠራተኛው ከቤተሰቡ ጋር ጥቂት የዕረፍት ቀናት የሚያገኝበት ጊዜ ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልልም ወቅቱ ዝናቡ ያበቃበትና መንገዱ የደረቀበት በመሆኑ ለጉዞ አመቺ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም በይፋ የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የፈጠረው ንጋት ሐይቅ ደግሞ ክልሉን የትልቅ ሐይቅ ባለቤት አድርጎታል። በመሆኑም በሐይቁ ዳርቻ ለእንግዶች ምን ዓይነት ማረፊያ ይዘጋጅ የሚለው ጥያቄ የክልሉና የወረዳ መሥሪያ ቤቶች ከወዲሁ ሊመክሩበት የሚገባ ጉዳይ ሆኗል።

ከአማራጮቹ አንዱ በሌላው ዓለም በስፋት የሚታወቀው የተሽከርካሪ ማረፊያ ነው። በሰሜን አሜሪካ ብርዱ ሲበረታ በርካታ ጡረተኞች መኝታና ማብሰያ ያላቸውን፣ በተለምዶ ካራቫን የሚባሉ ተሽከርካሪዎች እየነዱ ወደ ፍሎሪዳና ቴክሳስ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ይጓዛሉ። በዚያም ለሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ለወራት ይቆያሉ፤ በዓላትንም ከጎረቤቶቻቸው ጋር በጋራ ማዕድ ያሳልፋሉ።

የማረፊያው አሠራር ቀላል ነው። ባለቤቱ የሚያከራየው ክፍል ሳይሆን ቦታ ሲሆን፣ በየቦታው የውሃ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ ማገናኛና የፍሳሽ መቀበያ ይዘረጋል። ተሽከርካሪው ንጹሕ ውሃ፣ የእጣቢ ውሃና የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚይዙ የተለያዩ ማጠራቀሚያዎች አሉት። የመጸዳጃው ፍሳሽ በተዘጋጀለት ሥፍራ ብቻ ይደፋል። ይህ ሥርዓት ከሌለ ማረፊያው ተራ የመኪና ማቆሚያ ከመሆን አያልፍም፤ ፍሳሹም መጨረሻው እንግዳው ሊዋኝበት የመጣው ውሃ ይሆናል።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የላትም። የዳርቻ ዕረፍት የሚፈልገው ቤተሰብ የሚያመራው ወደ ሐይቆች ነው። ከእነዚህ መካከል ላንጋኖ ድንኳን ተክለው በሚያድሩ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ዘንድ ለረጅም ዓመታት ታዋቂ ሆኖ ቆይቷል። በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኘው ጎርጎራም ከግብፅ እስከ ደቡብ አፍሪካ በመኪና የሚጓዙ የውጭ አገር ጎብኚዎች የሚያርፉባት ሥፍራ ነበረች። ይሁንና በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም የተቀሰቀሰው ጦርነት ይህን የጉዞ መስመር አውኳል። በመሆኑም ለንጋት ሐይቅ በቅድሚያ ሊታሰብ የሚገባው እንግዳ የአገር ውስጡ ቤተሰብ ነው። ይህ ቤተሰብ ደግሞ ካራቫን የለውም፤ የሚመጣው በአውቶሞቢል፣ በሚኒባስ ወይም በመሥሪያ ቤት አውቶቡስ፣ ድንኳኑንና ስንቁን ጭኖ ነው።

ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የተነደፈ ሲሆን፣ ሲሞላ 1ሺህ 874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። በስፋት ከጣና ቢያንስም በሚይዘው የውሃ መጠን ይበልጠዋል። ይሁን እንጂ ከላንጋኖና ከጣና የሚለይበት አንድ ዋነኛ ባሕርይ አለው፤ ዳርቻው አንድ ቦታ አይጸናም። የግድቡ ከፍተኛ የውሃ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ሲሆን፣ ዝቅተኛው የሥራ ወለል 590 ሜትር ነው። ውሃው በክረምቱ ማብቂያ ከፍ ብሎ፣ በደረቁ ወራት ተርባይኖቹ ሲሠሩ ይቀንሳል። ስለዚህ በመስከረም ውሃ ዳር የነበረ ሜዳ፣ መሬቱ ተዳፋትነቱ አነስተኛ ከሆነ፣ በሚያዝያ ከውሃው ርቆ ጭቃማ መሬት ከፊቱ ሊዘረጋ ይችላል። የማረፊያ ቦታ የሚመርጥ ባለሙያ የአንድ ቀን ጉብኝትን ሳይሆን የውሃውን ወለል የዓመት መዝገብ መሠረት ማድረግ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ውሃና ንጽህና ነው። ለዚህ ትምህርት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሆሞሻ ወረዳ የሚገኘው የጾሬ የስደተኞች መጠለያ ከ2007 ዓ.ም ጀምሮ ከጎረቤት አገሮች ግጭት የሸሹ ወገኖችን ተቀብሏል። በጾሬ የሚኖሩት ሰዎች ወደው የመጡ አይደሉምና ከበዓል እንግዳ ጋር አይነጻጸሩም። ነገር ግን በአንድ ሥፍራ በጊዜያዊ መጠለያ የተሰባሰበ ሰው ምን ያህል ውሃ፣ ማገዶና መጸዳጃ እንደሚያስፈልገው የአሶሳ ዞን ባለሙያዎች በተግባር ያውቁታል።

ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ ዕርዳታ መለኪያ በአስቸኳይ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፣ ለ20 ሰዎችም አንድ መጸዳጃ ያስፈልጋል ይላል። በዚህ ስሌት አምስት አምስት አባላት ያሏቸው 20 ቤተሰቦች ለገና ሦስት ሌሊት ቢያርፉ፣ በትንሹ በቀን 1ሺህ 500 ሊትር፣ በሦስት ቀናት 4ሺህ 500 ሊትር ውሃና አምስት መጸዳጃዎች ያስፈልጓቸዋል። ይህም ሊታለፍ የማይገባው ዝቅተኛ ወለል እንጂ ለዕረፍት ለመጣ ቤተሰብ የሚበቃ አይደለም።

ከዚህም በተጨማሪ አካባቢው ወባማ በመሆኑ ማረፊያው አጎበር ሊያቀርብ ይገባል። ውሃው ከቢልሃርዚያ ነፃ መሆኑ በጤና ባለሙያዎች ሳይረጋገጥ፣ የአዞና የጉማሬ ሥጋትም ሳይታይ ለዋና መፈቀድ የለበትም። በጋው ሣሩ የሚደርቅበት ወቅት ስለሆነ ማብሰያው በተከለለ ቦታ ሊወሰን ይገባል፤ በግዴለሽነት የተተወ ፍም የቀርከሃ ደን ሊያወድም ይችላልና።

ከሁሉም በላይ የመሬቱ ጉዳይ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። በዓባይ ዳርቻ ዓሣ ሲያሰግሩ፣ ሲያርሱና ወርቅ ሲያጥቡ የኖሩ የጉሙዝና የበርታ ማኅበረሰብ አባላት ለግድቡ ሲባል ከቀያቸው ተነስተዋል። አዲሱ ዳርቻ ለእንግዳ ሲከለል ዳግም የሚነሳ ሰው ካለ፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሣና መልሶ ማቋቋም መብቱ ነው። ግድቡ በሚገኝበት መተከል ዞን በ2012 እና በ2013 ዓ.ም የደረሰው የጸጥታ ችግርም ያለ ነዋሪው ተሳትፎ የሚቆም ሥራ ዘላቂ እንደማይሆን የሚያሳስብ ነው።

የተሽከርካሪ ማረፊያ ከሆቴል የሚሻልበት ነጥብም እዚህ ላይ ነው። ግንባታው አነስተኛ ገንዘብ ይጠይቃል፤ እንግዳውም ራሱ ስለሚያበስል ዓሣውን፣ ማንጎውንና ማሩን በቀጥታ ከነዋሪው ይገዛል። የቀርከሃ ጎጆ የሚሠሩት፣ ጥበቃውንና ጽዳቱን የሚያከናውኑት በማኅበር የተደራጁ የአካባቢው ወጣቶች ቢሆኑ ገቢው በቀበሌው ይቀራል።

ከቦታ ርክክቡ በፊት የግድቡ አስተዳደር የውሃውን ወለል መረጃ፣ የጤና ቢሮው የውሃውን ምርመራ፣ የመሬት አስተዳደሩ የባለይዞታዎችን መዝገብ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማቅረባቸው ተገቢ ይሆናል። እነዚህ ሦስት ሰነዶች ሳይሟሉ የሚተከል ድንኳን ለአንድ በዓል ቢያስደስትም፣ ለቀጣዩ በዓል የሚደርስ ዳርቻ ላይተው ይችላል።