«ነገ ይለቁታል»፦ ስለ ሌባ፣ ስለ ዋስትና እና ስለ ሰፈር ፍርድ

የሰፈር ፀጥታ በተነሳበት ቦታ ሁሉ፣ የዕድር ድንኳን ውስጥም ሆነ የወረዳ ስብሰባ ላይ፣ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ይህንን ሳይናገር አይቀርም፦ «ፖሊስ ጋ መውሰድ ምን ዋጋ አለው? ዛሬ ብታስገባው ነገ ይለቁታል።» ቤቱ በሙሉ «እውነት ነው» ይላል። ከኋላ ደግሞ አንዱ ይጨምርበታል፦ «እዚያው ቀጥቅጦ መልቀቅ ነው እንጂ!» ሳቅ ይሆናል። የመጀመሪያው አባባል ግማሽ እውነት አለው። ሁለተኛው ግን ሰው ገድሏል፤ የገደሉትንም ወህኒ አውርዷል።

ከግማሽ እውነቱ ልጀምር። ትናንት ካቴና ያጠለቀውን ልጅ ከሦስት ቀን በኋላ ያው የፑል ቤት በር ላይ ቆሞ ማየት ያናድዳል። ስልኳ የተነጠቀባት ሴት ደግሞ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ምን እንደሚሰማት ለመገመት አይከብድም። ስለዚህ «ይለቁታል» የሚለው ሰው ያላየውን አልተናገረም። ያየውን ነው የተረጎመው፤ የተሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው አግባብ ያለው ጊዜ ብቻ ነው የማይቆጠረው። ይኸው አንቀጽ በዋስ መፈታትን መብት ያደርገዋል፤ ፍርድ ቤቱ ሊነፍገው የሚችለው ሕግ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ነው። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ፖሊስ ምርመራውን ካልጨረሰ ተጨማሪ ጊዜ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ አንዱ የጊዜ ቀጠሮ ግን ከ14 ቀን አይበልጥም። ወንጀሉ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ቀላል ነገር ከሆነ፣ ወይም ወንጀል መፈጸሙ ራሱ የሚያጠራጥር ከሆነ፣ መርማሪው ፖሊስ ራሱ ዋስ አስጠርቶ ሊለቅ ይችላል። ጣቢያ አድሮ ጠዋት የወጣውን ሁሉ «ከፍሎ ወጣ» የምንል ሰዎች ይህን ድንጋጌ ሰምተነው አናውቅም።

በዋስ የወጣ ሰው ነፃ የወጣ ሰው አይደለም። መዝገቡ ክፍት ነው። በቀጠሮው ካልቀረበ ዋሱ ያስያዘው ገንዘብ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል፤ እሱም ታስሮ እንዲቀርብ ይታዘዛል። በሌላ በኩል ዳኛው ዋስትና የሚከለክልባቸው ምክንያቶችም አሉ፦ ተጠርጣሪው አይመለስም ተብሎ ሲታመን፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ተብሎ ሲሠጋ፣ ወይም ምስክር ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ሲገመት። ታዲያ ዳኛው ይህንን ከየት ያውቃል? ፖሊስ ካልነገረው አያውቅም። ፖሊስስ? እኛ ካልነገርነው አያውቅም። «ብትከሺኝ አገኝሻለሁ» ብሎ የዛተባት ሴት ዛቻውን በሰጠችው ቃል ውስጥ ካላስመዘገበች፣ ዳኛው ፊት ያለው ወረቀት ላይ የሚታየው አንድ የመጀመሪያ ጊዜ ተጠርጣሪ ብቻ ነው።

ብዙው የሰፈር ስርቆት መዝገብ የሚሞተው እንዲህ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከሥራ መውጫ ሰዓት ነው። አንዲት ሴት «ስልኬን!» ብላ ጮኸች፤ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው የሚመስል ልጅ ሳይርቅ ተያዘ፤ ስልኩም ከጃኬቱ እጅጌ ውስጥ ወጣ። እዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ደግ ነበር። ሴትየዋ ስልኳን ተቀብላ መስታወቱ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን ስታይ፣ ክቡ ጠበበ፤ ቡጢው ጀመረ። በዚያው ደቂቃ ከሚኒባስ የወረደ አንድ ጎልማሳ ማንንም ምንም ሳይጠይቅ ቀበቶውን ፈትቶ ገባ። አጠገቤ ሲደርስ «ምን ወስዶ ነው?» አልኩት። «እኔ ምን አውቄ፤ ሌባ ነው አሉ» አለኝ። ፖሊሱ ሲደርስ የልጁ ጆሮ ይደማ ነበር። «የስልኩ ባለቤት ማን ናት?» አለ። ታክሲ ይዛ ሄዳለች። «እሺ፣ ያየ ሰው፣ ምስክር የሚሆን?» አለ። ሲደበድብ ከነበረው ሕዝብ መካከል አንድ እጅ አልወጣም። ክቡ ወደ ሰልፉ ተመለሰ። ባለ ቀበቶው ሰልፍ መጣስ ጀምሮ ነበር።

እንግዲህ ያ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ምን ይጻፍ? ተበዳይ የለ፣ ምስክር የለ፣ ኤግዚቢት የለ። ያለው የተደበደበ ልጅ ነው፤ ወንጀል የተፈጸመበት እንኳ ቢባል መጀመሪያ ማስረጃ ያለው እሱ ነው፦ ጆሮው። ዐቃቤ ሕግ በባዶ መዝገብ ክስ አይመሠርትም። ልጁ ሲለቀቅ «አላልኳችሁም?» የሚሉት ደግሞ እነዚያው ናቸው።

ሕጉ በዚህ ነገር ላይ ከምናስበው በላይ ግልጽ ነው። እጅ ከፍንጅ የተገኘን ወንጀለኛ ማንኛውም ዜጋ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊይዝ ይችላል፤ ሳይዘገይ በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ጣቢያ የማስረከብ ግዴታም አለበት። መያዝ ተፈቅዷል፤ መቅጣት አልተፈቀደም። «ራሴን ስከላከል ነው» የሚለው መልስም የሚሠራው ጥቃቱ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል ነው። እጁን ታስሮ አስፋልት ላይ የተቀመጠ ሰው ማንን እያጠቃ ነው? በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ለተራ ስርቆት የሚያስቀምጠው ቅጣት ቀላል እስራት፣ ቢከብድ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። በሰው አካል ላይ ሆን ብሎ ከባድ ጉዳት ማድረስ እስከ 15 ዓመት ያደርሳል። ሰውየው ከሞተና ነገሩ ተራ የሰው ግድያ ከተባለ ከ5 እስከ 20 ዓመት ነው። በአንድ ስልክ የተነሳ ከሌባው በላይ የሚታሰረው ቀበቶውን የፈታው ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ስልኩ ደግሞ የእሱ እንኳ አይደለም።

ይህ ሁሉ የተያዘው ሰው በእርግጥ ሌባ ሲሆን ነው። ሳይሆንስ? በነሐሴ 2010 ሻሸመኔ ላይ አንድ ሰው «ቦምብ ይዟል» በተባለ ወሬ በሕዝብ ተደብድቦ ተገደለ፤ አስከሬኑም ተዘቅዝቆ ተሰቀለ። ወሬው ሐሰት ነበር። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በጥቅምት 2011፣ አማራ ክልል አዲስ ዓለም በምትባል ቦታ ለጤና ጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች «ልጆቻችን ላይ ክፉ ሊሠሩ ነው የመጡት» በሚል ተገደሉ። እነሱም ምንም አላደረጉም። ሁለቱም ቦታ ላይ የተሰበሰበው ሰው ትክክል እየሠራ ያለ መስሎት ነበር። እንግዲህ የሰው ፎቶ እየለጠፉ «ይህን ሌባ ያያችሁ…» የሚሉ የቴሌግራምና የቲክቶክ ገጾች፣ «ልጅ የሚሰርቅ መኪና ሰፈራችን ገብቷል» የሚል የድምፅ መልእክት ከማን እንደመጣ ሳይጠይቁ ለዕድርተኛው የሚያሻግሩ አባወራዎች፣ የሚያስተላልፉት ምን እንደሆነ ቢያስቡበት መልካም ነው። «ለጥንቃቄ ብዬ ነው» ማለት ለሟች ቤተሰብ መልስ አይሆንም።

ጉቦ የለም ብዬ አልምልም። አንዳንድ ጣቢያ ያለው መጉላላት ሰውን ከነ እውነቱ ወደ ቤቱ ይመልሳል፤ የቀን ሠራተኛ ሦስት ጠዋት ጥሎ ቃል መስጠት ማለት የሦስት ቀን እንጀራ ማጣት ነው። የበቀል ፍርሃትም አለ፤ ተጠርጣሪው የጎረቤት ልጅ ሲሆን ደግሞ ፍርሃቱ ላይ ይሉኝታ ይጨመርበታል። የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የተሰናዳው ለከባድ ወንጀሎች ነው፤ ለስልክ ንጥቂያ ማንም በርህ ላይ ጠባቂ አያቆምልህም። እነዚህ እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ግን ድብደባው የትኛውን ይፈታል? ጉቦኛው መርማሪ ባዶ መዝገብ ሲያገኝ ደስታውን አይችለውም፤ ምስክርና ተበዳይ ያለበትን መዝገብ መዝጋት ነው የሚያስፈራው።

ስለዚህ ሰውየው ሲያዝ አንድ ሁለት ሰው ይያዘው፤ ሌላው ይራቅ። አዲስ አበባ ውስጥ 991 ይደወል፤ ነፃ መስመር ነው። ባለንብረቱ እንዳይሄድ ለምኑት፤ ካስፈለገ አብራችሁት ሂዱ፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ሐሳቡን ይቀይራል። ስልክ ከሆነ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ተጭኖ የሚወጣውን መለያ ቁጥር ከዛሬ ጀምሮ ወረቀት ላይ ጽፎ ማስቀመጥ፣ ካርቶኑንም አለመጣል ነው፤ «ስልኩ የኔ ነው» ለማለት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ቃል ስትሰጡ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ልብሱን፣ ሞተር ካለ ታርጋውን፣ ከሁሉ በላይ ዛቻውን አስጽፉ። ከመፈረማችሁ በፊት ይነበብላችሁ። የመዝገብ ቁጥሩንና የመርማሪውን ስም ይዛችሁ ውጡ። አቤቱታችሁን አንቀበልም ካሏችሁ የጣቢያው ኃላፊ አለ፣ ክፍለ ከተማ ፖሊስ መምሪያ አለ፣ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አለ።

አንድ ነገር ላንሳ፣ ሽማግሌዎቹ እንዳይቀየሙኝ። «ዕቃው ተመልሷል፣ እርቅ ይሁን» የሚለው ልማዳችን ለጎረቤት ጠብ መድኃኒት ነው። ለተደጋጋሚ ሌባ ግን ፈቃድ መስጠት ነው። ሦስት ጊዜ ታርቆ የወጣ ልጅ መዝገቡ ላይ አንድም ጥፋት የለበትም፤ በአራተኛው ሲያዝ ዳኛው እንደ አዲስ ነው የሚያየው።

የቀሩትን የሰፈር አባባሎች ቶሎ ቶሎ ላውርድ።

«ደንብ አስከባሪ ፖሊስ ነው» ይባላል። አይደለም። ሥራው ሕገወጥ ግንባታ፣ ሕገወጥ ንግድ፣ ቆሻሻ መጣልና የመሳሰሉት የደንብ ጥሰቶች ናቸው። ቤታችሁ ከተሰበረ የምትጠሩት እሱን አይደለም። በመዋጮ የቀጠርነው የሰፈር ጥበቃም ቢሆን ዱላው የሹመት ምልክት አይደለም፤ መንገደኛ አስቁሞ ኪስ የመፈተሽ ሥልጣን የለውም።

«ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁት ነው፤ የተሰረቀ ቢሆን እኔን አይመለከተኝም» የሚለው ደግሞ ያለ ካርቶን፣ ያለ ደረሰኝ፣ በግማሽ ዋጋ ስልክ የሚገዙ ሰዎች ጸሎት ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ወይም መጠርጠር እየተገባው የገዛ ሰው መሸሸግ በሚባለው ወንጀል ይጠየቃል፤ ዕቃውም ለባለቤቱ ይመለሳል። ገዢ ባይኖር ነጣቂ አይኖርም።

«ሌባው ከሌላ ሰፈር የመጣ ነው፤ ያው ተከራዮቹ ናቸው።» ይህን የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ግቢውን ለተከራይ ያከራየ ነው። ጓሮውን፣ የውሻውን ስምና የባለቤቱን መውጫ ሰዓት የሚያውቅ ሌባ ሩቅ አገር አይፈለግም።

«የመንገድ መብራት መብራት ኃይል ነው የሚሠራው» ብለን ወራት የምንጠብቅበት ጨለማም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የመንገድ መብራት የሚተከለውና የሚጠገነው በከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ነው። ስብሰባ ላይ ጮኾ መቀመጥ ሳይሆን፣ አምፖሉ የጠፋበትን ቦታ በትክክል ጠቅሳችሁ፣ ነዋሪው ፈርሞበት፣ በወረዳችሁ በኩል በጽሑፍ አመልክቱ። ሁለት ቅጂ ያዙ፤ አንዱ ላይ ገቢ የሆነበት ቀንና የተቀባዩ ፊርማ ይስፈርበትና ከእናንተ ጋር ይቅር።