በጠባብ ግቢ ውስጥ የቆመ ትልቅ ዛፍን ያለ አደጋ ስለ ማንሣት

ከአውስትራልያ የመነጨው ባሕር ዛፍ በ19ኛው ምዕት ዓመት ማለቂያ ገደማ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፤ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ የከተማው ችግር የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ማጣት ነበር። ዛፉ ፈጥኖ የሚያድግ በመሆኑ ችግሩን አቃለለው፤ ሕዝቡም በየግቢው ተከለው፤ ከዚያም ወደ ሌሎቹ የደጋ ከተሞች ተስፋፋ። ያን ጊዜ ግቢው ሰፊ፤ ጎረቤትም ሩቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ግቢዎቹ ተከፋፍለው በዛፉ ዙሪያ የቆርቆሮ ቤት፤ የማድ ቤት ግድግዳ፤ አጥርና የመብራት ሽቦ ተሰለፈ። ዛፉ 25 ሜትር ቁመት ሲኖረው በዙሪያው ያለው ባዶ ሥፍራ 6 ሜትር እንኳ የማይሞላበት ግቢ ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ሥፍራ በገጠር እንደሚደረገው ዛፉን ከሥሩ ቆርጦ መጣል አይቻልም፤ ከላይ ወደ ታች እየቆራረጡ ማውረድ ግድ ይሆናል።

አስቀድሞ ግን ዛፉ መነሣት የሚያስፈልገው መሆኑን መመርመር ይገባል። ቅርንጫፉ ጣራ ስለ ነካ ብቻ ጤነኛ ዛፍ አይቆረጥም፤ ቅርንጫፉን መመልመል ይበቃል። ግንዱ ሲመታ እንደ ከበሮ የሚያስተጋባ፤ ከእግሩ ላይ እንጉዳይ የበቀለበት፤ ወይም ጫፉ የደረቀ እንደሆነ ግን ሊታሰብበት ይገባል። ከሁሉም የሚያስፈራው ቀድሞ ቀጥ ብሎ ቆሞ የነበረ ዛፍ ከዝናብ በኋላ ሲዘምና ከዘመመበት በተቃራኒው በኩል አፈሩ ተሰንጥቆ ሲነሣ ነው። ይህ ሥሩ ለመነቀሉ ምልክት ስለሆነ በዛፉ ላይ ማንም ሰው ሊወጣ አይገባም፤ በሥሩ ያሉትንም ሰዎች ወዲያው ማራቅ ያስፈልጋል።

በብዙ ከተሞች የተለመደው አሠራር ባለቤቱ ዛፉን በቁሙ ለእንጨት ነጋዴ መሸጥ ነው። ነጋዴውም የቀን ሠራተኞች ቀጥሮ ያስቆርጣል። በዚህ አሠራር ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ረጅም ግንድ ለምሰሶና ለወራጅ ሲሆን ጥሩ ዋጋ ያወጣል፤ በአጭር በአጭሩ የተቆራረጠው ግን ለማገዶ ብቻ ይውላል። ስለዚህ ነጋዴው ግንዱ ሳይቆራረጥ እንዲወድቅ ይመኛል፤ ለጎረቤት ጣራና ለሠራተኛው ሕይወት የሚበጀው ግን መቆራረጡ ነው። በከፍተኛ ዋጋ የሚገዛው ነጋዴ ብዙ ጊዜ በአንድ ጊዜ ለመጣል ያሰበው ነው። ባለቤቱ ዋጋው ዝቅ ቢልም ዛፉ ከላይ ተቆራርጦ እንዲወርድ፤ ቢሰበር ወይም ሰው ቢጎዳ ኃላፊው ማን እንደሆነ፤ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ቢዋዋል ከብዙ ክርክር ይድናል። የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ በሚጠየቅበት ሥፍራ ፈቃዱን ማውጣት፤ ለጎረቤትም ቀኑን ማሳወቅ አይዘነጋም።

የመብራት ሽቦ በዛፉ አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ሥራው የሚጀመረው በመጥረቢያ ሳይሆን ለመብራት ኃይል መሥሪያ ቤት በማመልከት ነው። ኃይሉ ተቋርጧል የሚባለውም የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በሥፍራው ተገኝቶ ሲያረጋግጥ እንጂ በቤት ውስጥ አምፑል ስለ ጠፋ አይደለም። እርጥብ ቅርንጫፍ፤ እርጥብ ገመድና የብረት መሰላል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ኃይሉ ባልተቋረጠበት ጊዜ ሰውም ሆነ መሣሪያ ከሽቦው እስከ 3 ሜትር ድረስ ሊቀርብ አይገባውም፤ ለከፍተኛ ኃይል መሥመር ይህም ርቀት አይበቃም። ሽቦ ተበጥሶ ከወደቀ ከ10 ሜትር ያላነሰ መራቅ፤ በኤሌክትሪክ የተያዘውንም ሰው ኃይሉ ሳይቋረጥ በእጅ አለመንካት ያስፈልጋል። በዚህ ስሕተት አዳኙ ከተጎጂው ጋር ይሞታል።

የእንጨትን ክብደት በዐይን የሚገምት ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። እርጥብ የባሕር ዛፍ ግንድ አንድ ሜትር ኩቡ 1000 ኪሎ ያህል ይመዝናል። እንግዲህ ከዳር እስከ ዳር 40 ሳንቲሜትር፤ ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ ቁራጭ 125 ኪሎ ገደማ ነው፤ ውፍረቱ በእጥፍ ሲጨምር ክብደቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን 80 ሳንቲሜትር የሆነው 500 ኪሎ ይደርሳል። ከዚህም በላይ፤ ቁራጩ ጥቂት ከወደቀ በኋላ ገመዱ በድንገት ሲይዘው በገመዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደቱ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። በግ ለማሰር የሚበቃ ገመድ ለዚህ ሥራ የማይሆነው ስለዚህ ነው።

ዛፍ ላይ የሚወጣው ሠራተኛ ወገቡንና ጭኑን በሚይዝ ጠንካራ መታጠቂያ ከግንዱ ጋር ይታሰራል፤ የሚታሰረውም ከሚቆረጠው በታች በሚቀረው ክፍል ላይ ነው። ከፍታ ላይ መጥረቢያ ከመወርወር የእጅ መጋዝ ይሻላል፤ መጥረቢያ የራስን ገመድ ይቆርጣልና። ቅርንጫፉ በመጀመሪያ ከሥሩ በኩል ሩብ ያህል ይጋዛል፤ ከዚያ ከላይ ይቆረጣል፤ እንዲህ ካልሆነ ቅርፊቱን ገሽልጦ ወደ ሰውየው ይወዛወዛል። በጣራ ላይ የተንሰራፋው ቅርንጫፍ ሳይቆረጥ በገመድ ይታሰራል፤ ገመዱም ከበላዩ ባለ ጠንካራ ባላ ላይ አልፎ ወደ መሬት ይወርድና በግንዱ እግር ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይጠመጠማል። ክብደቱን የሚይዘው የሰው ክንድ ሳይሆን ይህ ጥምጥም ነው፤ አንድ ሰውም ቀስ እያለ ሊለቀው ይችላል። ገመዱን በእጁ ወይም በወገቡ የሚጠመጥም ሰው ግን አብሮ ይነጠቃል። የናይለን ገመድ በፍጥነት ሲሮጥ ግሎ ሊቀልጥ ስለሚችል ዝግታው ለገመዱም ይበጃል።

ቅርንጫፉ ካለቀ በኋላ ግንዱ ከጫፉ ጀምሮ በግማሽ ሜትር እየተቆረጠ በታች በተነጠፈ ቅጠል ላይ ይጣላል። በታች ያሉት ሰዎች ላይ ያለው ሠራተኛ ሳይጠራቸው ወደ ዛፉ አይቀርቡም፤ ትእዛዝ የሚሰጠውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ነፋስ ሲነሣ ሥራው ይቆማል። ልጆችን ከግቢው ማስወጣት፤ በመንገዱም ላይ ጠባቂ ማቆም ያስፈልጋል።

በመጨረሻ 4 ሜትር ያህል ግንድ ሲቀር ባዶው ሥፍራ ስለሚበቃው በአንድ ጊዜ መጣል ይቻላል። በሚወድቅበት በኩል የውፍረቱን ሩብ ያህል በአፍ አምሳል ይከፍቱታል፤ ከዚያ በስተኋላው ጥቂት ከፍ አድርገው ይቆርጡታል። ሁለቱ ቁርጦች ግን መገናኘት የለባቸውም፤ ውፍረቱ 50 ሳንቲሜትር ከሆነ 5 ሳንቲሜትር ያህል ሳይቆረጥ ይቀራል፤ ይህም እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ግንዱን በታሰበው አቅጣጫ ይመራዋል። ያዘመመ ግንድ የፊቱ አፍ ሳይከፈት ከኋላው ብቻ ቢቆረጥ ወደ ላይ ተሰንጥቆ ቆራጩን በደረቱ ይመታዋል። ግንዱን በገመድ የሚስቡትም ከዛፉ ቁመት ውጭ መቆም አለባቸው፤ ገመድ አጠረ ብለው ከሥሩ ቆመው የሚስቡ ሰዎች ዛፉን በራሳቸው ላይ ይጥሉታል። ቆራጩ ሲሸሽ በቀጥታ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ጎንና ወደ ኋላ አግድም ይሂድ፤ መንገዱም አስቀድሞ ከቅርንጫፍ ይጠረግለት።

የባሕር ዛፍ ጉቶ መልሶ ያቆጠቁጣል። ዛፉ እንዳይመለስ የተፈለገ እንደሆነ ጉቶው ይነቀላል፤ ከግድግዳ አጠገብ በመሆኑ መንቀል ካልተቻለም ቅርፊቱን ልጦ የሚወጣውን ቡቃያ በየጊዜው መስበር ነው። ዋልካ በሚባለው ጥቁር አፈር ላይ ለተሠራ ቤት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ ዛፉ ይመጠው የነበረው ውሃ በአፈሩ ውስጥ ሲቀር አፈሩ አብጦ መሠረቱን ሊያነሣ ስለሚችል፤ የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ የጣራው ውሃ ከግድግዳው የሚርቅበትን ቦይ መቆፈር ያስፈልጋል።