ተረትና እውነታ፦ የወደብ ዕጣ በካርታ ላይ ተጽፏል?

ስለ ወደብ ባነሳን ቁጥር ሳንመረምረው የምንቀበለው አንድ እምነት አለ፤ ታላቅ ወደብ የሚወለደው ተፈጥሮ ባደለችው ቦታ ነው የሚል። ጥልቅ ውሃ፣ ከማዕበል የተከለለ ሰላጤ ወይም መርከብ ሁሉ የሚያልፍበት ሰርጥ ያለው አገር በንግድ ይከብራል፤ የሌለው ደግሞ የሌላውን ደጅ ሲጠና ይኖራል ይባላል። እምነቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በሸራና በእንፋሎት መርከብ ዘመን ነገሩ በአብዛኛው እንዲያ ነበር። ባለፉት ሰባ ዓመታት የሆነውን ግን በዚህ መንገድ ማስረዳት አይቻልም። የዓለም ቀዳሚ የኮንቴነር ወደብ የሚለው ስፍራ ከኒው ዮርክ ወደ ሮተርዳም፣ ከሮተርዳም ወደ ሆንግ ኮንግ፣ ከዚያም ወደ ሲንጋፖር፣ በ2010 ደግሞ ወደ ሻንጋይ ተዛውሯል (ቀናቱም ዓመታቱም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባሕሩም ዳርቻውም ባሉበት ነበሩ። የተንቀሳቀሰው ጭነቱ ነው፤ የጭነቱን መንገድ የሚወስኑት ደግሞ ከወደቡ ጀርባ ያለው ምርትና ገበያ፣ ወደ መሀል አገር የሚያደርሰው መንገድና ባቡር፣ የመርከብ ድርጅቶች ምርጫ እና የመንግሥታት ውሳኔ ናቸው። ቦታ ከእነዚህ ጋር ይቆጠራል፤ ብቻውን ግን ወደብ አይሠራም።

ለውጡ የጀመረበት ቀን ይታወቃል። ሚያዝያ 26 ቀን 1956 «አይዲያል ኤክስ» የተባለች መርከብ 58 የብረት ሣጥኖች ጭና ከኒው ዮርክ ማዶ ካለው ከኒዋርክ ወደብ ተነሳች፤ መድረሻዋ ሂውስተን ነበር። ሐሳቡ የማልኮም ማክሊን ነው፤ ሀብቱን ያፈራውም በባሕር ሳይሆን በጭነት መኪና ሥራ ነበር። በዘመኑ በተሠራው ስሌት መሠረት በሰው ጉልበት አንድ ቶን ጭነት መርከብ ላይ ለመጫን 5 ዶላር ከ83 ሳንቲም ሲያስወጣ፣ በዚህ መንገድ ወጪው ወደ 16 ሳንቲም ገደማ ወረደ። የዋጋው ነገር ብዙ ተጽፎበታል፤ ለእኛ ጉዳይ ትልቁ ቁም ነገር ግን ኮንቴነሩ የድሮ ወደቦችን ብልጫ ሁሉ ዋጋ ማሳጣቱ ነው። ለንደን፣ ማንሃተንና ሳን ፍራንሲስኮ ይኮሩበት የነበረው በሺህ የሚቆጠሩ ጫኝና አውራጆቻቸው፣ ከውሃው ዳር የተደረደሩ መጋዘኖቻቸውና ከተማው መሀል መሆናቸው ነበር። ኮንቴነር የሚፈልገው ግን ሰፊ ሜዳ፣ ትልቅ ክሬን እና ያልተጨናነቀ መውጫ ነው። ስለዚህ የማንሃተንና የብሩክሊን ሥራ ወደ ኒዋርክና ኤልዛቤት፣ የሳን ፍራንሲስኮው ወደ ኦክላንድ ተሻገረ። በእንግሊዝ ደግሞ ፊሊክስቶው የተባለች ትንሽ ወደብ በ1967 የኮንቴነር ተርሚናል ከፈተች። በትልልቆቹ ወደቦች የተጣለው ብሔራዊ የወደብ ሠራተኞች ደንብ አይመለከታትም ነበርና ከሠራተኛው ጋር የራሷን ውል መዋዋል ትችል ነበር። ብዙም ሳይቆይ የአገሪቱ ቀዳሚ የኮንቴነር ወደብ ሆነች። የለንደን ጥንታዊ ወደቦች ግን ከ1967 እስከ 1981 ባሉት ዓመታት አንድ በአንድ ተዘጉ። የቴምዝ ወንዝ ያኔም እንደ ወትሮው ይፈስ ነበር።

ካርታ ወሳኝ ነው ለሚል ሰው ግን ከለንደን ይልቅ ከባዱ ጥያቄ ቻይና ውስጥ ነው ያለው። የሆንግ ኮንግ የቪክቶሪያ ወደብ በተፈጥሮ ጥልቀቱና ከማዕበል በመከለሉ በዓለም ከሚደነቁት አንዱ ነው፤ እንግሊዞች በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ደሴቲቱን የፈለጉበት አንዱ ምክንያትም እርሱ ነበር። ሻንጋይ ግን በያንግትዜ ወንዝ አፍ ላይ የተመሠረተች ናት፤ ወንዙ በየዓመቱ እጅግ ብዙ ደለል እያመጣ መግቢያውን ይሞላዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቁፋሮው ሲጀመር የመግቢያው ጥልቀት 7 ሜትር ያህል ነበር፤ ከአሥር ዓመት በላይ ተደክሞበት 12.5 ሜትር ደረሰ። የዘመኑ ግዙፍ የኮንቴነር መርከብ ሙሉ ጭነት ሲይዝ ወደ 16 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ቻይናውያን ይህን ያውቁ ነበርና ከባሕሩ ውስጥ ያንግሻን የተባሉትን ትንንሽ ደሴቶች መርጠው ዙሪያቸውን በአፈርና በድንጋይ ሞሉ፤ 32.5 ኪሎ ሜትር ድልድይ ዘርግተው ከየብስ ጋር አገናኟቸው፤ በታኅሣሥ 2005 ወደቡን ከፈቱት። በ2024 ሻንጋይ በባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ልክ ሲቆጠር ከ51 ሚሊዮን በላይ አስተናግዷል። በ2011 ከ24 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሆንግ ኮንግ ግን በ2024 14 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ለምን? ሻንጋይን ያሳደገው በያንግትዜ ሸለቆ የተሠራው የፋብሪካ ዓለም ነው። ሆንግ ኮንግም ለረጅም ጊዜ የኖረው በድንበሩ ማዶ በጓንግዶንግ በሚመረተው ዕቃ ነበር፤ በ1994 ሼንዘን ውስጥ የያንቲያን ወደብ ሲከፈት ግን የፋብሪካው ባለቤት ዕቃውን ድንበር አሻግሮ ውድ የመኪና ኪራይና ውድ የተርሚናል ክፍያ የሚከፍልበት ምክንያት እየሳሳ ሄደ። ከዓለም ምርጥ የተፈጥሮ ወደቦች አንዱ ጭነቱን የተነጠቀው በእጅ በተሠራ ጎረቤቱ ነው።

ለዚህ የሚሰጠው ጠንካራ መልስ ሲንጋፖር ናት። የማላካ ሰርጥ ጫፍ ላይ ባትቀመጥ ኖሮ ዛሬ ያለችበት ትደርስ ነበር ወይ? አትደርስም። በ2024 ካስተናገደችው 41 ሚሊዮን ገደማ ኮንቴነር አብዛኛው ለእርሷ የመጣ አልነበረም፤ ከአንዱ መርከብ ወርዶ በሌላው የሚሄድ ነው። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለው ሣጥን ሲወርድ አንድ፣ ሲጫን ሌላ ተብሎ ሁለት ጊዜ ስለሚቆጠር የወደቦች ደረጃ ሲነገረን ይህን ማስታወስ ይገባል። እንግዲህ ሲንጋፖር የቦታ ልጅ ናት ማለት ይቻላል። ነገር ግን በዚያው ሰርጥ፣ ከሲንጋፖር ምዕራባዊ ጫፍ ፊት ለፊት፣ ማሌዥያ ታንጁንግ ፔለፓስ የተባለ ወደብ ሠርታ ዋጋ ስትቀንስና የባለቤትነት ድርሻ ስትሰጥ፣ የዴንማርኩ ሜርስክ በ2000 የመተላለፊያ ጭነቱን ጠቅልሎ ወደዚያ ሄደ። የታይዋኑ ኤቨርግሪን በ2002 ተከተለው። ሲንጋፖር የሰርጡ ባለቤት ነኝ ብላ አልተቀመጠችም፤ ክፍያ ቀነሰች፤ ቀድሞ እምቢ ያለችውን የተርሚናል ሽርክና ለመርከብ ድርጅቶች መስጠት ጀመረች፤ አሁን ደግሞ ቱዋስ ላይ አዲስ ግዙፍ ወደብ እየገነባች ነው። የረጅም መንገድ አውቶቡስ የሚያልፍበት ከተማ ሁሉ የምሳ ማረፊያ እንደማይሆን ሁሉ፣ ሰርጥም መርከብን በደጅ ያሳልፋል እንጂ አያስቆምም። የጅብራልታር ሰርጥ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው፤ የሞሮኮው ታንጀር ሜድ ግን ሥራ የጀመረው በ2007 ነው። በ2024 ከ10 ሚሊዮን በላይ ኮንቴነር በማስተናገድ ከአፍሪካም ከሜዲትራኒያንም ቀዳሚ ሆኗል። ሞሮኮ ወደቡን ስትሠራ ነጻ የንግድ ቀጣና፣ አውራ ጎዳናና ባቡር አብራ ዘርግታለች፤ በ2012 የሬኖ መኪና ፋብሪካ በአቅራቢያው ሲከፈት ወደቡ የሚያሳልፈው ብቻ ሳይሆን የራሱ የሆነ ጭነትም አገኘ።

እዚህ ላይ ተቃራኒው ስህተት ይመጣል፤ ገንዘብ ያለው አገር በፈለገበት ቦታ ወደብ ያበቅላል የሚለው። በስሪላንካ ደቡብ ጫፍ ያለው ሃምባንቶታ ይህን ያፈርሰዋል። እስያን ከአውሮፓ የሚያገናኘው ዋና የመርከብ መስመር በቅርብ ርቀት ያልፋል፤ ውሃው ጥልቅ ነው፤ ከቻይና የተገኘው ብድርም ብዙ ነበር። በ2010 ተከፈተ፤ ለዓመታት ግን የኮንቴነር መርከቦች በአጠገቡ እያለፉ ወደ ኮሎምቦ መሄዳቸውን ቀጠሉ። ደንበኛውም፣ መጋዘኑም፣ ጭነት የሚያቀባብሉት ትንንሽ መርከቦችም እዚያ ነበሩና። በ2017 ወደቡ ለአንድ የቻይና ድርጅት ለ99 ዓመት በሊዝ ተላለፈ። ወደ እኛ ቀረብ ስንል ደግሞ የኬንያው ላሙ አለ። ኢትዮጵያንና ደቡብ ሱዳንን ያገለግላል ተብሎ የመጀመሪያ የመርከብ ማቆሚያው በ2021 ተመረቀ፤ አብሮ ይዘረጋል የተባለው ባቡር ግን አልተዘረጋም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም መርከብ በብዛት አልመጣም። ኮንቴነር መሀል አገር መድረስ ካልቻለ የወደቡ ጥልቀት ለነጋዴው ምንም አይፈይድም።

ቀይ ባሕርስ? በኅዳር 2023 የየመን ሁቲዎች መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ ትልልቆቹ ድርጅቶች ደቡብ አፍሪካን መዞር መረጡ፤ ጉዞው በአሥር ቀንና ከዚያ በላይ ረዘመ። ብዙ ሰው ይህን «ጂኦግራፊ ተመልሶ መጣ» ብሎ ተረጎመው። እኔ የማየው ግን ሌላ ነው። ባብ ኤል መንደብ ባለበት ነው፤ የስዊዝ ቦይም እስያን ከአውሮፓ የሚያገናኝ አጭሩ የባሕር መንገድ መሆኑ አልቀረም። ሆኖም የቦዩ ገቢ በ2023 ከነበረበት ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ በ2024 ወደ 4 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። አጭሩን መንገድ ትርጉም ያሳጣው የመርከበኛው ሕይወት አደጋ ላይ መውደቁና የመድን ዋጋ መናሩ ነው። የየመኗ ወደብ ኤደን ይህን ከማንም በፊት ቀምሳዋለች። በ1950ዎቹ ነዳጅ በሚቀዱ መርከቦች ብዛት ከዓለም ስመ ጥር ወደቦች አንዷ ነበረች። በ1967 ስዊዝ ሲዘጋ እንግሊዞችም በዚያው ዓመት ሲወጡ ሥራው ደረቀ። በ1999 አዲስ የኮንቴነር ተርሚናል ተከፍቶላት እንደገና ተስፋ አደረገች፤ በ2000 የአሜሪካ የጦር መርከብ እዚያው ወደቡ ላይ፣ በ2002 ደግሞ የፈረንሳይ ነዳጅ ጫኝ መርከብ በየመን ዳርቻ ሲጠቁ ግን የመድን ክፍያው ናረና ጭነቱ ወደ ኦማኗ ሳላላ እና ወደ ጅቡቲ ሸሸ። ለየመን ሕዝብ ይህ ትልቅ ኀዘን ነው፤ ኤደን የጎደላት ጥሩ ቦታ አልነበረም።

ይህ ሁሉ የኢትዮጵያን አንባቢ በቀጥታ ይነካል፤ ስለ ባሕር በር ስናወራ አንድ እምነት አብሮ ይንሸራሸራልና፤ ዳርቻው በእጃችን ቢሆን ዕቃ ይረክሳል የሚል። የባሕር በር ጥያቄ የደኅንነት፣ የታሪክና የክብር ገጽታዎች አሉት፤ እነርሱን በወደብ ቁጥር መመለስ አይቻልም፤ እዚህም አልገባባቸውም። ስለ ዕቃ ዋጋ ብቻ ከሆነ ግን ማስረጃው አሰብ ላይ አለ። እስከ 1998 ድረስ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ በብዛት በአሰብ በኩል ያልፍ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ጭነቱ በአጭር ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ የአሰብ ወደብም ዳርቻው፣ ማቆሚያውና ክሬኑ እያለ ጭር አለ። ጅቡቲ ደግሞ በዚያው ጭነት አደገች፤ 18 ሜትር ጥልቀት ያለው የዶራሌ ኮንቴነር ተርሚናል በ2009 ሥራ ጀመረ። ዛሬ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ከዚህ የምረዳው ኢትዮጵያ በዚህ ንግድ ውስጥ ያላት ትልቁ ኃይል ጭነቷ መሆኑን ነው። የቀጣናው ወደቦች የሚሽቀዳደሙት ለእርሱ ነው፤ በ2021 አዲስ የኮንቴነር ተርሚናል የከፈተው በርበራም ዓይኑን የጣለው እርሱ ላይ ነው።

«ለወደብ ኪራይ የምንከፍለው ገንዘብስ?» የሚል ይኖራል። ክፍያው ከባድ ነው፤ መደራደርም አማራጭ መፈለግም ተገቢ ነው። ሆኖም አንድ ኮንቴነር ከሻንጋይ ተነስቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ የሚያስወጣውን ሁሉ ብንዘረዝር የወደቡ ክፍያ ከብዙዎቹ አንዱ ነው። የመርከብ ኪራዩ አለ። ሰነድ ሳይሟላ ወይም የውጭ ምንዛሬ ሳይለቀቅ ሣጥኑ ወደብ ላይ ሲከርም የሚቆጠረው ዲመሬጅ አለ። ከጅቡቲ በጋላፊ በኩል እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ ያለው የከባድ መኪና ጉዞ አለ፤ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡርም በ2018 የንግድ አገልግሎት ቢጀምርም ዛሬም ከጭነቱ ብዙው በመኪና ነው የሚመጣው። ከሁሉም በላይ አገሪቱ ከምትልከው ይልቅ የምታስገባው እጅግ ስለሚበልጥ ብዙ ኮንቴነር ባዶውን ይመለሳል፤ የባዶውን መመለሻ የሚከፍለው ደግሞ ሙሉውን ያስመጣው ነጋዴ፣ በመጨረሻም ሸማቹ ነው። ይህ የመጨረሻው ወጪ የመርከቡ ማቆሚያ የማንም ቢሆን አይቀየርም፤ የሚቀንሰው ከሐዋሳ፣ ከኮምቦልቻና ከድሬዳዋ ተሞልተው የሚወጡ ሣጥኖች ሲበዙ ነው።