የማህደረ ትውስታ ገደብ በቨርቹዋል ማሽን ላይ፤ ከቃላት ዝርዝር ስለሚጠፉ ግሶች

ሰፊ የቃላት ዝርዝርን በምዕላድ የሚተነትን ፕሮግራም በተመራማሪው ኮምፒውተር ላይ በቀጥታ ሳይሆን በውስጡ በተከፈተ ቨርቹዋል ማሽን ሲሠራ፣ የሚያገኘው ማህደረ ትውስታ ኮምፒውተሩ ያለው ሁሉ አይደለም። 32 ጊጋባይት ካለው ኮምፒውተር ላይ ለቨርቹዋል ማሽኑ 16 ጊጋባይት ቢመደብና በውስጡ የጃቫ ፕሮግራም ቢነሣ፣ ጃቫ የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠው በስተቀር ለዳታ የሚይዘው ከሚያየው ሩቡን፣ ማለትም 4 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነው።

አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ ለጥበቱ ፊደሉን መውቀስ ይቀላል። ወቀሳው ግን ሚዛን አይደፋም። «ሰበረ» በፊደል 9 ባይት ነው፤ የ«በ» ጥብቀት ታይቶ፣ አናባቢው ሁለት ነጥብ አናቱ ላይ ባለበት የላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ 10 ባይት ይሆናል። ማህደረ ትውስታውን ይበልጥ የሚያጣብበው ለእያንዳንዱ ቃል የሚከማቸው የአማራጭ ትንተና ብዛት ነው።

ጃቫ የራሱ ገደብ ሲሞላ ስሕተቱን በግልጽ ያስታውቃል። የሊኑክስ ጠባይ ከዚህ ይለያል፤ ማህደረ ትውስታ ሲጠየቅ በእጁ ካለው በላይ ቃል ይገባል፣ ቃሉን መፈጸም ሲያቅተው ደግሞ ብዙ የያዘውን ፕሮግራም መርጦ በድንገት ይገድላል። እጥረቱ በአስተናጋጁ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ የሚገደለው ቨርቹዋል ማሽኑ ራሱ ሊሆን ይችላል። ከኋላ የሚቀረው ፋይል ተቆርጦም ሙሉ ይመስላል።

ለሥነ ልሳን ባለሙያው አደጋው እዚህ ላይ ነው። ዝርዝሩ በሀሁ ተራ ተደርድሮ ሥራው «ወ» ላይ ቢቋረጥ፣ «ሰበረ»፣ «ትሰብራለች»፣ «እሰብራለሁ» በውጤቱ ይገኛሉ፤ «ይሰብራል» ግን የለም። በ«የ» የሚጀምሩት አንጻራዊ ግሶችም አብረው ይጠፋሉ። ከዚህ ፋይል ድግግሞሽ የሚቆጥር ሰው፣ የኢፍጹም ግስ ሦስተኛ መደብ ተባዕታይ ቅርጽ በአማርኛ ብርቅ ነው ወደሚል ድምዳሜ ሊደርስ ነው። እንዲህ ያለው ጉልህ ስሕተት ዓይን ይስባል፤ «ፈ» ላይ የተቆረጠ ዝርዝር ግን ማንንም ሳያጠራጥር ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ የገቡትንና የወጡትን ቃላት ቁጥር ማመሳከር ከማናቸውም ማስተካከያ ይቀድማል። 137 የሚል የመውጫ ቁጥር ፕሮግራሙ በኃይል መገደሉን ይጠቁማል፤ ምክንያቱ በሲስተሙ መዝገብ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ለጃቫ የሚፈቀደውን መጠን በግልጽ መወሰን፣ ለአስተናጋጁ በቂ ማስቀረት፣ ዝርዝሩንም ከፋፍሎ ማስገባት ይቻላል። ሲከፋፈል በፊደል ተራ ባይሆን ይመረጣል፤ ቃላቱ አስቀድመው ከተደባለቁ አንድ ክፍል ቢጠፋ እንኳ ጉድለቱ በአንድ የግስ ቅርጽ ላይ ብቻ አያርፍም።