ሥሩና ቅርንጫፉ፦ የሞርሞን መጻሕፍት ስለ መዳን ምን ያስተምራሉ?

ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም የሀገራችን ሰሜናዊ ክፍል በድርቅና በረሃብ በተጨነቀበት ወቅት፣ በአሜሪካና በካናዳ የሚኖሩ ሞርሞኖች ለተራቡት ወገኖች ብለው ጾመው ዋሉ። ያልበሉትን ምግብ ዋጋም አዋጥተው ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ። በዚያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያናቸው በኢትዮጵያ ገና አልተቋቋመችም ነበር። ለመሆኑ እነዚህ ምዕመናን የሚያነቧቸው መጻሕፍት ስለ መዳን፣ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ እግዚአብሔር ምን ይላሉ?

የእምነቱ መሥራች ጆሴፍ ስሚዝ የገበሬ ልጅ ነበሩ። መጽሐፈ ሞርሞንን ያሳተሙትም፣ ዛሬ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተብላ የምትጠራውን ተቋም በኒው ዮርክ ግዛት የመሠረቱትም እ.ኤ.አ በ1830 ነው። ተከታዮቹ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር መጽሐፈ ሞርሞንን፣ ትምህርትና ቃል ኪዳኖችን እንዲሁም የታላቅ ዋጋ ዕንቁ የተባለውን መጽሐፍ እንደ ቅዱስ ቃል ይቀበላሉ። ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ግን አይቀበሏቸውም።

እርሻን ለሚያውቅ አንባቢ ትምህርቱ ጎልቶ የሚታየው በሁለት ምሳሌዎች ነው። የመጀመሪያው በመጽሐፈ አልማ ምዕራፍ 32 ይገኛል። ልብሳቸው ስላደፈና ስለነተበ ከምኵራብ የተባረሩ ድሆች እግዚአብሔርን የት እንደሚያመልኩ ይጠይቃሉ። ሰባኪው አልማም የእግዚአብሔርን ቃል በዘር ይመስልላቸዋል፤ ዘሩን በልባችሁ ዝሩት፣ ካበጠና ከበቀለ መልካም ዘር መሆኑን ታውቃላችሁ ይላቸዋል። ነገር ግን ችግኙ እንክብካቤ ካጣ ሥር አይሰድም፣ ፀሐይም ያጠወልገዋል። ጥፋቱ የዘሩ ሳይሆን የመሬቱ ነው። በምርጥ ዘር ጉዳይ በየቀበሌው የሚነሳውን ክርክር ለሚያውቅ ይህ ንግግር እንግዳ አይሆንበትም።

ሁለተኛው በመጽሐፈ ያዕቆብ ምዕራፍ 5 የተጻፈው የወይራ ዛፍ ምሳሌ ሲሆን 77 ቁጥሮች አሉት። የአትክልት ቦታው ጌታ ያረጀበትን ወይራ ይገርዛል፣ ዙሪያውን ይቆፍራል፣ ይመግባል። አልሆን ሲለው የበረሃ ወይራ ቅርንጫፎችን ቆርጦ በግንዱ ላይ ያዳቅላል፤ የዛፉን ለጋ ቅርንጫፎች ደግሞ በሩቅ ስፍራዎች ይተክላቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ በጣም በተራቆተ መሬት ላይ ተተክሎ ብዙ መልካም ፍሬ ሲያፈራ፣ በመልካም መሬት ላይ የተተከለው ግን ከፊሉን ጥሩ፣ ከፊሉን መጥፎ ፍሬ ይሰጣል። ምዕመናኑ ዛፉን የእስራኤል ቤት፣ የበረሃውን ወይራ ሌሎች አሕዛብ፣ ለጋ ቅርንጫፎቹን የተበተኑት ወገኖች ናቸው ብለው ይተረጉሙታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ በእርሻ ሥራ የተዳቀለ ቅርንጫፍ የራሱን ዓይነት ፍሬ ይይዛል እንጂ የሥሩን አይወርስም። በምሳሌው ግን የበረሃው ቅርንጫፍ ከሥሩ በጎ ፍሬ ይቀበላል። እኛ ወይራ የምንለው የደጋ ዛፍም የዚሁ የፍሬ ወይራ የዱር ዘመድ ነው።

በኋላ ዛፎቹ ሁሉ ይበላሻሉ። ጌታው ያለቅሳል፤ ለአትክልቴ ያላደረግሁት ምን ቀረ ብሎ ይጠይቃል። ሊያቃጥለው ሲነሣ አገልጋዩ ጥቂት እንዲታገሠው ይለምነዋል። የበሽታውን ምክንያት የሚናገረውም አገልጋዩ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ከሥሩ አቅም በላይ በፍጥነት አድገው ሥሩን አሸነፉት። ስለዚህ ክፉው ቅርንጫፍ የሚቆረጠው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥሩው ባደገ መጠን፣ ሥርና አናት እኩል እንዲበረቱ ነው። ጌታው ራሱም ከሠራተኞቹ ጋር ይደክማል። መዳን የክርስቶስ ጸጋ ነው፤ ሰው ደግሞ በእምነት፣ በንስሓ፣ በጥምቀትና በመታዘዝ ይጸናበታል የሚለው ትምህርት በዚህ ምሳሌ በግልጽ ይታያል።

ሰፊው ልዩነት ያለው በእግዚአብሔር ማንነት ላይ ነው። የኒቅያን ጸሎተ ሃይማኖት የሚቀበሉ አብያተ ክርስቲያናት ሥላሴን በባሕርይ አንድ ብለው ያምናሉ። የሞርሞን ትምህርት ግን አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በዓላማ አንድ የሆኑ ሦስት የተለያዩ አካላት ናቸው ይላል። ትምህርትና ቃል ኪዳኖች በክፍል 130 አብ የሥጋና የአጥንት አካል እንዳለው ይገልጻል። ሌሎች ክርስቲያኖች ብዙ ጊዜ ከእነርሱ ጋር የማይስማሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ያላቸው አቋምም ከዚህ አይርቅም፤ ከሐዋርያት በኋላ የጠፋው ሥልጣን በጆሴፍ ስሚዝ በኩል ተመልሷል ይላሉ። ዛሬም በነቢይና በ12 ሐዋርያት ይመራሉ፣ አሥራት ያወጣሉ፣ የአጥቢያ መሪዎቻቸውም ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ። አብዛኛውን ጊዜ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሁለት ማዕድ ይዘልላሉ፤ የ1977ቱም ጾም የዚህ ልማድ ቅጥያ ነበር። ቡና ግን አይጠጡም።

ከሞት በኋላ ሰው ሁሉ በክርስቶስ ይነሣል፤ እንደየሥራውም ከሦስት የክብር ደረጃዎች በአንዱ ይኖራል ብለው ያስተምራሉ። ሳይጠመቁ ለሞቱ ሰዎች በሕይወት ያሉ ዘመዶች በቤተ መቅደስ ይጠመቁላቸዋል፤ የሟቹ ነፍስ ግን ጥምቀቱን መቀበልም አለመቀበልም ትችላለች። በዚህም የተነሣ የትውልድ ሐረግ መዝገብ ከዓለም ዙሪያ ይሰበስባሉ። በእኛ ሀገር ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጋብቻ ሲሆን፣ እነርሱ የሚቆጥሩት የቀደሙ አባቶችና እናቶች ስም ከጥምቀቱ እንዳይቀር ነው።