ኮርቻው ለምን ይወርዳል?

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ረዥም ደረቅ የቦና ወቅት የነገሌ ቦረና ቀይ አቧራ የማይገባበት ቦታ የለም። የብስክሌት ካቴና አቧራ ሲገባበት ይንቋቋል፣ ያስታውቃል። ኮርቻው ግን ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚከዳው፤ ጠዋት በልክ የተቀመጠው ማታ ሁለት ጣት ወርዶ ይገኛል። ብዙ ሰው ወዲያው መፍቻ አንስቶ ቡሎኑን ያጠብቃል። እኔ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ቡሎኑ ላይ አይመስለኝም።

የኮርቻው ዘንግ ከሥሩ የሚደግፈው ነገር የለም፤ ይዞት የሚውለው የሰበቃ ኃይል ብቻ ነው። ማነቂያው ሲጠብቅ አፉ የተሰነጠቀው ቱቦ ዘንጉን ያቅፈዋል። ኃይሉም ቀላል አይደለም። 5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቡሎን በ5 ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ፣ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ የ5 ኪሎ ያህል ጫና ሲያርፍ፣ ግማሽ ቶን ከሚመዝን ጭነት ጋር የሚስተካከል የመሳብ ኃይል ይፈጠራል። ይህ ለነጂውም ለኮረኮንቹ ንጠትም ይበቃል። ታዲያ ለምን ይንሸራተታል?

አንዱ ምክንያት አፈሩ ነው። ቅላቱን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ አብሮት ያለው ሸክላ ደግሞ እንደ መጫወቻ ካርታ በተደራረቡ እጅግ ስስ ንጣፎች የተሠራ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ በቀላሉ ይሄዳል። ከአሮጌ ግራሶ ጋር ሲለወስማ የሚያዳልጥ ጭቃ ይሆናል። የሚገርመው፣ የካርቦን ብስክሌት የሚነዱ ተወዳዳሪዎች ሆን ብለው ቅንጣት ያለው ቅባት ዘንጉን ይቀባሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን በተወዳደረበት ዓለም ይህ የተለመደ ነገር ነው። የዚያ ቅባት ቅንጣቶች ግን ጠንካራ ናቸው፤ ሲጨመቁ ዘንጉንም ቱቦውንም ይነክሳሉ እንጂ አይንሸራተቱም።

ሌላው፣ ከአቧራም የባሰው፣ የልክ አለመገጣጠም ነው። ዘንጎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በ0.2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ነው፤ 26.8፣ 27.0፣ 27.2 እያለ ይቀጥላል። በዓይን የሚለየው የለም። ለ27.2 በተሠራ ቱቦ 26.8 ከገባ ቡሎኑ ጉልበቱን ቱቦውን በማጠፍ ይጨርሳል፤ ዘንጉን ለመያዝ የሚተርፈው ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ባዶ የለስላሳ መጠጥ ጣሳ ጥሩ መድኃኒት ነው። የአልሙኒየሙ ግድግዳ ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ዙር ሲጠቀለል የዘንጉን ዲያሜትር በ0.2 ያሳድጋል፤ በትክክል አንድ ደረጃ። ጠርዙ እጅ ስለሚቆርጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

እንግዲህ መፍቻ ላይ ከመንጠልጠል በፊት ዘንጉን አውጥቶ፣ እሱንም የቱቦውንም ውስጥ ላምባ በነካ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ይሻላል። ግራሶ በዋናነት የሚያስፈልገው የቡሎኑ ጥርስ ነው፤ ጥርሱ ደርቆ አቧራ ከያዘ የእጅ ጉልበት እዚያው ያልቃል። የአልሙኒየም ዘንግ በብረት ቱቦ ውስጥ ከሆነ ግን እጅግ ስስ ግራሶ ይቀባ፤ አለዚያ ዝናብ ሲመጣ ሁለቱ ይጣበቁና መንቀል ፈተና ይሆናል። አፍንጫው የሚደፋ ኮርቻ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ የሚታየው ከኮርቻው ሥር ያለው መያዣና ዳዶው ነው።

ከፍታውን ለማግኘት ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ተረከዝን ታች በደረሰ ፔዳል ላይ ማሳረፍ ነው፤ ያኔ እግር ቀጥ ካለ ልኩ ተገኝቷል። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጫናውን የሚሸከመው ጉልበት ነው። ልኩ በፕላስተር ምልክት ይደረግበት፤ መውረዱ ወዲያው ይታወቃል። ዘንጉ ላይ ፋብሪካው የቀረጸው የመጨረሻ ከፍታ መስመር ከቱቦው ውጭ ከታየ ግን አይነዱት፤ ረዘም ያለ ዘንግ ይግዙ።